የጋሽ ኪሮስ አራተኛ ቀጠሮ

ጋሽ ኪሮስ የፒያሳ ወርቅ ሠሪ ናቸው፤ ዘንድሮ ግን እጃቸው ወርቅ ከመያዝ ይልቅ ብሽሽታቸውን መያዝ አብዝቷል። ቡአው ሲቆጣ ወንበር ላይ እንኳ አያስቀምጣቸውም። ኦፕራሲዮን ይሁኑ ከተባሉ ስድስት ወር አለፈ፤ ሦስት ጊዜ ጾማቸውን ሄደው ሦስት ጊዜ ጾማቸውን ተመልሰዋል። መጀመሪያ ውሃ ጠፋ ተባለ። ቀጥሎ የሐኪሞቹ ጋውን ታጥቦ አልደረቀም፤ ክረምት ነዋ! በሦስተኛውማ ከኋላ የሚከፈተውን ቀሚስ ለብሰው፣ አልጋ ላይ ተጋድመው እየተገፉ ሳለ፣ ዶክተሩ አዳማ ሥልጠና ሄደዋል ተባለ። የሥልጠናው ርዕስ? የቀጠሮ ስረዛን ስለ መቀነስ።

በአራተኛው ቀጠሮ ቀን ጠዋት ጋሽ ኪሮስ ብልጥ ሆኑ። ከልጃቸው ከፍዮሪ ጋር ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል ሲወርዱ ኬክ ቤት በር ላይ ቆሙ።

«አባዬ፣ ምንም እንዳትቀምስ ተብለሃል እኮ!»

«መመለሴ ካልቀረ ጠግቤ ልመለስ» አሉና ሁለት ቦምቦሊኖ በማኪያቶ አወራረዱ።

ሆስፒታሉ ሲደርሱ ጉድ ፈላ። ውሃው ይፈሳል፣ ጋውኑ ደርቋል፣ ዶክተሩም ታጥበው፣ ጓንታቸውን አጥልቀው ቆመዋል። ነርሷ ሲስተር ሰገነት «ጋሽ ኪሮስ፣ ዛሬ አንደኛ ነዎት!» ብላ ቀሚሱን ስታቀብላቸው በላብ ተጠመቁ።

«እህል አልቀመሱም አይደል?»

ጋሽ ኪሮስ ፍዮሪን አዩ። ፍዮሪ ጣሪያውን አየች። አልቀመስኩም ለማለት ምላሳቸው ተነሥቶ ነበር፤ ቡአው ደግሞ ከታች በል፣ በል ይላቸዋል።

«የበላ ሰው ማደንዘዣ ቢወጋ ምን ይሆናል?» አሉ፣ የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስለው።

«ያስመልሰውና ሳንባው ውስጥ ይገባል። ሊሞትም ይችላል።»

«እንግዲያስ...» ሆዳቸውን ጠቆሙ። «ሁለት ቦምቦሊኖ አለ። ትናንሽ ናቸው።»

ዶክተሩ ጓንታቸውን እያወለቁ መጡ። «አባባ፣ ስንት ሰው እርስዎን ብሎ እንደተዘጋጀ ያውቃሉ? በቀጠሮ እንዲህ ይቀለዳል?»

«አይቀለድም፣ ልጄ። እኔ እኮ አራተኛ ነኝ፤ እናንተ ሦስቴ ቀድማችሁኛል።»

ሲስተር ሰገነት አንገቷን ደፍታ መዝገቡ ላይ «በታካሚው ጥፋት ተሰረዘ» ብላ አሳምራ ጻፈች፤ ከሥሩም አሰመረችበት። ከላይ ባሉት ሦስት ስረዛዎች ፊት ለፊት ግን የምክንያቱ ቦታ ባዶውን ተቀምጧል።

ከሁለት ወር በኋላ እንዲመጡ አዲስ ቀጠሮ ተሰጣቸው። ዳገቱን ሽቅብ ሲመለሱ ጋሽ ኪሮስ በየአሥር እርምጃው እየቆሙ ያቃስታሉ። ፍዮሪ ክንዳቸውን ደግፋ፣ ቁጣዋን አምቃ ትራመዳለች።

«ተናገሪው፣ ይውጣልሽ» አሏት።

«ቤት ስንደርስ» አለች።