የሚተኩስበት እጅ

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ቀኝ እጅ ይታዘዛል እንጂ አይሰማም። ኤሌክትሪክ ያለባትን ሽቦ ነክቶ ከሞት አፍ ከተመለሰ ወዲህ ጣቶቹ ሸሚዝ ይቆልፋሉ፣ ማንኪያ ይይዛሉ፤ ግን እሳት ይንካው በረዶ፣ ላባ ይያዝ ድንጋይ፣ ከትከሻው በታች ወሬ የሚያደርስ የለም። ለታላቅ እህቱ ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ «ድኗል፤ እንደ ድሮው ነው» ብሏታል።

ለምን ዋሸ? እህቱ የፔይንትቦል ቡድናቸው አለቃ ናት። በአየር ጠመንጃ የቀለም ጥይት እየተተኳኮሱ፣ ቀለም የነካው የሚወጣበት ጨዋታ ነው፤ እሷ ደግሞ በሽተኛ ሜዳ አታስገባም። እሱን ከዚያ አደጋ በኋላ ደስታም ሐዘንም አይነካውም። ከሥራ ሲያሰናብቱት እንኳ የሌላ ሰው ወሬ የሰማ ይመስል ነበር። እሑድ ሜዳ ቢገባ፣ ጥይቷ በጆሮው ሥር ሽው ስትል፣ ምናልባት ልቡ ደንገጥ ይል ይሆናል። የቀረችው ተስፋ ይህችው ናት።

እህት ደስ ብሏት ለጠመንጃው አዲስ የአየር ሲሊንደር፣ ጥይቱን የሚገፋው አየር የሚታመቅበትን ጠርሙስ፣ ልትገዛለት ሱቅ ወሰደችው። ባለ ሱቁ ፊቱን ቋጥሮ የሚሸጥ ሽማግሌ ነው፤ ገዢ አይለማመጥም። ሁለት ሲሊንደር ባንኮኒው ላይ አቆመ፤ አንዱ አጭር፣ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም፣ ሌላው ወፈር ያለ ጥቁር ካርቦን ፋይበር።

«ትልቁ ብዙ አየር ይይዛል፤ ለማስሞላት አትመላለስም። ትንሹ ቦታ አይፈጅብህም፣ ጎንበስ ብለህ ለመሮጥ ይመቻል። ክብደቱን እኔ አልነግርህም። እዚህ ቤት የሚመዘነው በሚተኩሱበት እጅ ነው፤ ያኛውን ኪስህ ክተት።»

«ጋሼ፣ ሚዛን ጠፍቶ ነው?» አለች እህት።

«ሚዛን ተሸክሞ አይሮጥልሽም፣ ልጄ!»

ግራ እጁን ኪሱ ከተተ። ትንሹን አነሳ፤ ምንም። ትልቁን አነሳ፤ አሁንም ምንም። አልደነገጠም፤ መደንገጥማ ቢችል ምን ነበረበት! ዓይኑ እንዳሳየው ሊፈርድ ወሰነ። ትንሹን እንደ ኳስ ነጠር ነጠር አደረገው። በትልቁ ግን ትከሻውን ጣል፣ ወገቡን ሰበር አድርጎ «ኡፍፍ!» አለ። አይ ሰው! ዝም ቢል እኮ የሚጠረጥረው አልነበረም።

«ይሄማ ድንጋይ ነው። ትንሹ ይሻለኛል» አለ።

ባለ ሱቁ፣ ያ ኮስታራ፣ ሳቁ አመለጠው። እህትማ ባንኮኒውን ደግፋ ተንከተከተች። «ተመስገን! ቀልዱ ተመለሰለት! ጋሼ፣ ድሮ እኮ ቤት ሙሉ ሰው ሲያስቅ ነው የሚውለው፤ ይኸው ስንት ጊዜ ጥርሱን አላየሁም።» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

እዚህ ጋ ፈገግ ቢል ኖሮ ያልፍለት ነበር። እሱ ግን የሚያስቀው ነገር አልገባውም። «ቀልድ አይደለም፣ እታለም። ትልቁ ይከብዳል» አለ ኮስተር ብሎ።

ሳቋ ቀስ ብሎ ሞተ። ሁለቱንም ተራ በተራ አነሳቻቸው። ትንሹ ግድግዳው ወፍራም ነውና ክንዷን ወደ ታች ሳበው፤ ትልቁ ግን ካርቦን ፋይበር ቀላል ነውና ተከትሏት ብድግ አለ። ሕፃን ልጅ እንኳ የሚለየው ነገር ነው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባል የለ?

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ከዚያ ቀን ጀምሮ።»

«እኔን! እኔን እህትህን!»

«ከጨዋታው ታስወጪኛለሽ ብዬ ነው።»

«አስወጣሃለሁ እንጂ!» ጮኸች። «የጠመንጃውን ምላጭ ሳብኩ አልሳብኩ ሳታውቅ በሰው ፊት ልትደግን?»

ባለ ሱቁ አንገቱን ደፍቶ ሲሊንደሮቹን ወደ መደርደሪያው መለሰ። እሷ ቀኝ እጁን አፈፍ አድርጋ ጨመቀችው።

«ይሰማሃል?»

«አይሰማኝም።»

ጥፍሯን ተከለችበት። «አሁንስ?»

አዎ ሊላት ፈለገ። የሚያስጨንቀው ኖሮ አይደለም፤ ፊቷን ሲያየው ያ ቃል እንደሚያስፈልጋት ስለገባው ነው። ግን መዋሸቱ ደከመው። «አይሰማኝም፣ እታለም» አለ።

ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን በክንዷ ጠረገችና «ና፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» ብላ፣ ሲሊንደር ሳይገዙ፣ ቀኝ እጁን ይዛ ወጣች። መንገዱ በሰው ተጨናንቋል፤ እየተጋፉ ያልፋሉ፤ እሷ ወደ ኋላ ሳትዞር ከፊቱ እየቀደመች ትሄዳለች። እጁን እንዳልለቀቀችው ለማወቅ ደግሞ ደጋግሞ ዝቅ ብሎ ማየት ነበረበት።