ሮዙ ጫማ በሴቶች በር

ኦቦ ነገራን ያላየ ሰው ለምን እንደምፈራቸው አይገባውም። ጊንጪ ላይ ስማቸው የታወቀ የእህል ነጋዴ ናቸው፤ የእጮኛዬ የዱሬቲ አባት። ከእኔ በፊት አንድ ጠያቂ መጥቶ፣ ጆሮው ላይ ጌጥ ስላዩ ብቻ ሽማግሌዎቹ ገና ሳይቀመጡ ከበር መለሱት። «ልጄን ለሴት አልድርም» አሉ አሉ። እኔን ደግሞ «ሽማግሌ ከመላኩ በፊት በዓይኔ ልየው፤ እሁድ ቅዳሴ ይምጣ» ብለው ላኩብኝ።

እና ምን ተጫምቼ ሄድኩ? ሮዝ ስኒከር።

ምን ላድርግ፣ ጥቁሩን ጫማዬን ቅዳሜ ሶሉ እንዲቀየር ለጫማ ሰፊ ሰጥቼ፣ ሰውዬው ለቅሶ ደርሶበት ዘግቶ ጠፋ። የቀረኝ ዱሬቲ አዲስ አበባ አብረን ሄደን የመረጠችልኝ ሮዙ ነው። ውሸት ምን ያደርጋል፣ እወደዋለሁ። ግን አንድ ቀን አምቦ መሐል አድርጌው ብወጣ የባጃጅ ሾፌሮቹ በፉጨት ሸኙኝ፤ ከዚያ ወዲህ ከቤት አላወጣሁትም። ለዱሬቲ ደውዬ ነገርኳት። «አድርገኸው ና። ጫማ ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው?» አለችኝ። ለእሷ ቀላል ነው።

ከአምቦ ጊንጪ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ረዳቱ ቁልቁል አየኝ። «ወንድሜ፣ እህትህን በባዶ እግሯ ትተሃት ነው የመጣኸው?» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እግሬን ወንበሩ ስር ደብቄ እስከ ጊንጪ ላብ በላብ ሆንኩ።

ደግነቱ ኦቦ ነገራ ሳይመጡ ቤተ ክርስቲያኑ ደረስኩ። በወንዶች በር ጫማዬን አውልቄ ከሰው ጫማ ሁሉ ጀርባ፣ ግድግዳው ጥግ ወሸቅሁት። ኦቦ ነገራ ሲመጡ በካልሲ ቆሜ አገኙኝ። «አካም ጂርታ፣ ጉርባ? እንዴት ነህ ልጁ?» ብለው ትከሻዬን ጨበጥ አደረጉኝ። እጃቸው ከባድ ነው። ቅዳሴው እስኪያልቅ ከጎናቸው ቆምኩ። ጸለይኩ ብል ዋሸሁ። ሲያልቅ ቀድሜ ሮጬ ወጥቼ፣ አንዱ ሱቅ ርካሽ ነጠላ ጫማ ገዝቼ ልቀይር ነበር ሐሳቤ። ግን ክንዴን ይዘው አብረን ወጣን።

ጫማው ካስቀመጥኩበት የለም።

ኋላ እንደሰማሁት፣ ጫማ የሚደረድሩ እማማ አስካለች የሚባሉ አሮጊት ናቸው ያነሱት። ሮዝ ጫማ በወንዶቹ በር ሲያገኙ «አንዷ ተሳስታ ነው» ብለው ወደ ሴቶቹ በር ወሰዱት። ግቢውን አሻግሬ ሳይ ከሴቶቹ ጫማ መሐል ጉብ ብሏል። ዱሬቲ አጠገቡ ቆማለች። መጥቼ እስክወስደው እየጠበቀች ፈገግ ብላልኛለች።

«ጫማህስ?» አሉ ኦቦ ነገራ።

ቢበዛ አርባ እርምጃ ነው። አርባ እርምጃ በካልሲ ሄጄ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ እሳቸው እያዩኝ፣ ከሴቶች መሐል ሮዝ ጫማ ማንሳት። ወደ ኦቦ ነገራ ዞርኩ።

«የለም። የወሰዱት መሰለኝ» አልኩ።

«ምን ዓይነት ነበር?»

«ጥቁር። ቆዳ።»

ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ድምፄን ሳላስበው ከፍ አድርጌው ኖሮ ዱሬቲ ሰማችኝ፤ ፈገግታዋ ጠፋ። ኦቦ ነገራ ዞር ዞር አሉና ዓይናቸው አንድ ሰው እግር ላይ አረፈ። ጃርሶ ይባላል፤ ገበያ ጆንያ የሚሸከም፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ የተጣፈ ጎልማሳ። እግሩ ላይ ግን ደህና ጥቁር ቆዳ ጫማ አለ።

«አንተ ከመቼ ወዲህ ነው ቆዳ የምትጫማው?»

«ሰልባጅ ነው ኦቦ ነገራ፣ ባለፈው ገበያ የገዛሁት። ያውቁኛል እኮ፣ የእርስዎን ጆንያ አይደል የምሸከመው?»

ሁለት ጎረምሶች ክንዱን ያዙት። አንዱ በጥፊ አለው፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ። ጫማውን ከእግሩ መንጭቀው ፊቴ አስቀመጡት።

«ለካው» አሉኝ ኦቦ ነገራ።

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። ይሄ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። አፌን ከፍቼም ነበር። ግን አሁን ብናገር ባለ ሮዝ ጫማ ብቻ ሳልሆን ውሸታምም ነኝ፤ ያ ጥፊ ወደ እኔ ይዞራል፣ ዱሬቲንም አጣለሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እግሬን ከተትኩ። ምን ዓይነት ጣጣ ነው፣ ልኬ ሆነ።

ጃርሶ አልተሳደበም። «ወንድሜ፣ ደህና አድርገህ እየው እስቲ። ያንተ ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«የኔ ነው» አልኩት።

ጃርሶ በባዶ እግሩ፣ ጉንጩን ይዞ ወጣ። ኦቦ ነገራ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ወንድ ማለት እንዲህ ነው። ንብረቱን፣ ሌባውን ዓይን ዓይኑን እያየ የሚያስመልስ። በል ሽማግሌዎችህን ላክ» አሉኝ። የመጣሁበትን አገኘሁ ማለት ነው። 

አባቷ ከሰው ጋር ወሬ ሲጀምሩ ዱሬቲ ሮዙን ጫማ እዚያው ትታው መጣች። እንዳትናገርብኝ በዓይኔ ለመንኳት።

«አልናገርም፣ አትፍራ» አለች። «የጃርሶን ጫማ አንተ ራስህ ትመልስለታለህ።»

«እሺ» ብዬ እጇን ልይዝ ስል ወደ ኋላ ሸሸች።

«ምነው ዱሬቲ?»

«ነገ ሰው ቢስቅብህ፣ ወይ አንድ ነገር ቢበላሽብህ፣ እኔን ነው አሳልፈህ የምትሰጠው። ሽማግሌ እንዳትልክ። ፈራሁህ፣ ሮቤራ።»