የአክስት መምጣት፣ ክብደቱ ከፍተኛ

ጥድፊያ የሚል ስም ያወጡላት ቤተሰቦቿ ናቸው፤ እጇ ከሐሳቧ ስለሚቀድም። በምትሠራበት መሥሪያ ቤት የጥናት ክፍል የሙከራ ጊዜዋ የሚያልቀው ዛሬ ነው። የጻፈችው ፕሮግራም በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ከሠራ ትቀጠራለች፤ ካልሠራ ዕቃዋን ትሰበስባለች።

ሥራው የኢኮኖሚ መግለጫዎችን ቀን መቁጠሪያ ማምጣት ነው፤ የትኛው አገር የዋጋ ንረቱን ወይም ወለዱን መቼ እንደሚያሳውቅ። ለዚህ ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት የኮድ ላይብረሪ አለ። እሷ በጥቂት መስመር ትጠይቀዋለች፤ እሱ መግለጫዎቹን ከነክብደታቸው፣ ካለፈው ውጤትና ከሚጠበቀው ጋር ያቀርብላታል። «የወጣው» የሚለው ዓምድ ዜናው እስኪነገር ባዶ ነው።

ትናንት እራት ላይ ይህን ለእናቷ ብታስረዳ ብታስረዳ አልገባ አላቸው። በመጨረሻ፣ እስቲ ነገ የምትመጣውን አክስትሽን ጻፊበት አሏት። እናት እየነገሩ፣ ልጅ በሳቅ እየፈረሰች ጻፈች። ያኔ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነላቸው።

አለቃዋ ፊቱ ስለማይፈታ በሌለበት «ቁልፉ» ይሉታል። በጠዋቱ ስብሰባ ላይ ክብደታቸው ከፍተኛ የሆኑትን መግለጫዎች ብቻ እንድታሳይ አዘዛት። ሰንጠረዡ ግድግዳው ላይ በራ። ከወለዱ ውሳኔ በላይ እንዲህ ይላል፦ የአክስት መምጣት። ክብደት፦ ከፍተኛ። ያለፈው፦ ኩርፊያ። የሚጠበቀው፦ ኩርፊያ።

ጥድፊያ ክው አለች። ለእናቷ ማሳያ በእጇ የጨመረችውን መስመር ማጥፋት እንደረሳች በአንድ ትንፋሽ ተናገረች። ቁልፉ የቀሩትን መስመሮች ከየአገሩ መግለጫ ጋር አንድ በአንድ አመሳከረ። አንድም ስህተት የለም። ከዚያ ወደ አክስቷ መስመር ተመለሰ።

«ትንበያው የማን ነው?»

«የእናቴ።»

«አንድ ምንጭ ብቻ? ደካማ ነው» አለና ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሱም አብሮ። «መስመሩን አጥፊና ለሁሉም ላኪው። የወጣውን ነገ መጥተሽ ትነግሪናለሽ።»

«ነገ?»

«ነገም፣ ከነገ ወዲያም።»

ደረጃውን እንዴት እንደወረደችው አታውቅም። ቤት ስትደርስ አክስቷ ፊታቸውን አዙረው ተቀምጠዋል፤ እናቷም ትንበያዬ ደረሰ በሚል ዓይን አዩዋት። ጥድፊያ የሆነውን ሁሉ ዘረገፈችው። አክስት ቀስ ብለው ዞሩ።

«ከወለዱ በላይ ነው ያልሽው?»

«ከወለዱ በላይ፣ አክስቴ።»

ደግመው አስነገሯት፤ ለሦስተኛም አስነገሯት። ከዚያ ወዲያ ማኩረፉን ረሱት። እናት ብቻ ተበሳጩ፤ ትንበያቸው ከሸፈ።