በብልቃጥ ውስጥ ያልሟሟው ሶፍት

የሰደበኝ መምህር ጋቹሂ ነው። ከፋሲካ በኋላ በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ከካራቲና ከተማ ከፍ ብሎ ባለው ቤቱ በረንዳ ላይ ሰደበኝ። ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። እኔ ጓሮ የፍሳሽ ጉድጓዱን ክዳን ገጥሜ፣ እጄን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጥቤ፣ እኔም ሰው ነኝ ብዬ ልጨብጣቸው ቀረብኩ። አንደኛው ሽማግሌ እጁን ዘርግቶልኝ ነበር። መምህር በከዘራው የሰውየውን እጅ መለስ አደረገና፣

«ተው እንጂ፤ ይሄ እጅ የት ሲዋኝ እንደዋለ ታውቃለህ? ሙቺሪ፣ አንተ እዚያው ሆነህ በጭንቅላትህ ሰላም በል። እሱንም ታጥበኸው ከሆነ ነው» አለ።

ሳቁ። እጁን የዘረጋልኝም ሳቀ፤ ሻዩ ሱሪው ላይ እስኪፈስ ድረስ ሳቀ።

ይሄ የመጀመሪያው አይደለም። ሰባተኛ ክፍል ሲያስተምረኝ ክፍልፋይ ተሳስቼ ሰሌዳው ፊት አቆመኝና፣ «ይህ ልጅ የሚሆነው ለአንድ ነገር ነው፤ ለጉድጓድ» ብሎኛል። በዓመቱ ትምህርቱን ተውኩ። ይኸው ከሠላሳ ዓመት በኋላ የራሱን ጉድጓድ የምጠርግለት እኔ ሆንኩ። እሱ ረስቶታል። እኔ የተሳሳትኩት ሦስት አራተኛው ላይ እንደነበር ሳይቀር አስታውሳለሁ።

የዚያን ቤት ቧንቧ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ቀጥ ብሎ መውረድ ነበረበት። መምህር ግን የአቮካዶ ዛፌ ሥር አይነካም አለ፤ ቧንቧው በዛፉ ዙሪያ ሁለት ቦታ ታጠፈ። ያን ጊዜ «እንዲህ የታጠፈ ቧንቧ ወፍራም ሶፍት አይችልም» ብዬ ነበር። የሰማችኝ ሚስቱ እማማ ሙምቢ ብቻ ናት። ክዳን ባለው ብልቃጥ ውሃ ሞልቼ፣ ሦስት ቅዳጅ ሶፍት ጨምሬ፣ ሃያ ጊዜ ነቅንቄ አሳየኋት። እንደ አጥሚት ከቀጠነ ሽንት ቤት ይጣላል፤ እንደ ጨርቅ ከዋኘ አይጣልም። ከዚያ ወዲህ አዲስ ዓይነት ሶፍት በገዛች ቁጥር ብልቃጧን ታወጣ ነበር። ቤቱ አራት ዓመት ያለ እንከን ኖረ።

እማማ ሙምቢ ደግ ሴት ናት፤ አልክድም። በቆሎና ቦሎቄ የምታቀርብልኝ ቤተሰቡ በሚበላበት ሳህን ነው። ግን ያን ቅዳሜ ለሽማግሌዎቹ ሻይ የቀዳችው እሷ ነበረች። ማንቆርቆሪያውን ይዛ ቆማ ሰማች። የሽማግሌዎቹን ሲኒ ደግማ ሞላች። ወደ ኩሽና ገባች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ ዕለት፣ መምህር አስጠራኝ። ልጃቸውን ዋንጌቺን የሚጠይቁት አማቾች ቅዳሜ ሊመጡ ነው፤ አርባ ሰው፣ ከናይሮቢ። ዋንጌቺ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተጠይቃ ሁለቱም ፈርሶባታል። ስለዚህ ግድግዳው ተቀብቷል፣ መጋረጃው ተቀይሯል፣ ለሽንት ቤቱም አዲስ መቀመጫ ተገዝቷል።

«ና፣ ና እይ» አለኝ መምህር። መደርደሪያው ላይ ወፍራም፣ አበባ የታተመበት ሶፍት ተደርድሯል። አንዱን ፈታና የቧንቧ ውሃ ለቀቀበት፤ ከዚያ በሁለት እጁ ጎተተው። አልተቀደደም።

«አየህ? ሶፍት ማለት ይሄ ነው። ያ እሷ የምትገዛው ጣት ያሳልፋል። ለናይሮቢ ሰው ጣት የሚያሳልፍ ነገር አይቀርብም።»

የኩሽና እጅ መጥረጊያ ወረቀት ነው። ውሃ ውስጥ እንዳይቀደድ ተብሎ የተሠራ። ሰውየው ጉዱን ራሱ በእጁ ይዞ ይኮራበታል።

«መምህር፣ ይሄ ለቧንቧው...» ስል፣

«ለጉድጓዱ ነው የጠራሁህ። ስለ ሶፍት አላማከርኩህም» አለኝ።

እሺ አልኩ። ሥራዬን ጨርሼ የቧንቧ መጥረጊያ ሽቦዬን ስጠቀልል እማማ ሙምቢ በጓሮ በር ወጣች፤ ብልቃጧን ሻርፕዋ ሥር ደብቃለች።

«ሙቺሪ ልጄ፣ እስኪ ይሄን እይልኝ። ዓይኔን ሞራው ከጋረደኝ ወዲህ ጥላ እንጂ ነገር አይታየኝም። አዲሱን ሶፍት አልቀበልም ብል ይጮህብኛል። ግን የድሮው ቀጭኑ አሥራ ሁለት ጥቅል አልጋዬ ሥር አለ። ይሄኛው ካልሟሟ ቅዳሜ ጠዋት በዝምታ እቀይረዋለሁ። እሱ ወረቀት ከወረቀት አይለይም።»

«መልካም አስበዋል» አልኳት።

«ልጄ እንደ በፊቱ እንዳትዋረድብኝ ነው። ይሄ ሦስተኛዋ ነው። አራተኛ የለም።»

ብልቃጡን ተቀብዬ ነቀነቅኩ። ሃያ ጊዜ ቆጠርኩ፤ አብራኝ በከንፈሯ ቆጠረች። ወደ ፀሐዩ ከፍ አደረግኩት። ሦስቱም ቅዳጆች ሙሉ ናቸው፤ አበባው እንኳ አልደበዘዘም። እሷ በዚያ በነጣ ዓይኗ ብልቃጡን ትታ ፊቴን ታያለች።

«እህ? ሟሟ?»

«ሟሟ» አልኳት። «እንደ አጥሚት ሆኗል።»

«እግዜር ይስጥህ» ብላ ትከሻዬን ያዘች። ከዚያ ገብታ፣ «የዋንጌቺ አባት፣ ሶፍቱን ሞክሬዋለሁ፣ ደህና ነው» ስትለው ሰማሁ። እሱም «መቼ ጠየቅኩሽ?» ሲላት ሰማሁ። ለእኔ ሳህን ይዛ ተመለሰች። ሥጋ ጨምራበት ነበር። በላሁት።

ቅዳሜ አልተጠራሁም። ከቤቱ ፊት ለፊት ካለችው ሱቅ ጥግ ተቀምጬ ዋልኩ። አማቾቹ በር ላይ ሲዘፈንላቸው፣ ሲገቡ፣ ሲቀመጡ አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት አለፍ እንዳለ ስልኬ ጮኸ። መምህር ነው።

«ሙቺሪ፣ የት ነህ? ፈጥነህ ና እባክህ።»

እባክህ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። ሶዳዬን ጨርሼ ሄድኩ።

የሆነው እንዲህ ነው። ሠላሳኛው ሰው ይሁን ሠላሳ አንደኛው እንጃ፣ ብቻ የሙሽራው አባት አቶ ንዴሪቱ ተራቸው ደርሶ ገቡ። ውሃውን ለቀቁ። ውሃው ሳይወርድ ወጣ። ሽማግሌው ሱሪያቸውን ሳይታጠቁ አዲሱ መቀመጫ ላይ ወጥተው ቆሙ። ፍሳሹ ከበሩ ሥር አልፎ ሳሎን ምንጣፉ ውስጥ ገባ። የሚላላኩት ልጃገረዶች ሥጋው ጋ ናቸው። እማማ ሙምቢ ሽታው ሲደርሳት ባልዲ ይዛ ሮጠች፤ ውስጥ ሰው መኖሩን አላየችም፤ በሩን በትከሻዋ ከፈተችው። በእኛ ዘንድ የሙሽሪት እናት የሙሽራውን አባት ፊት ለፊት ትኩር ብላ እንኳ አታይም። እሷ ግን ራቁት እግራቸውን ይዛ፣ «ይሄ ምንድን ነው?» አለች። ይሄን ሁሉ የነገረኝ ሥጋ ጠባሹ ነው፤ እየሳቀ።

የአማቾቹ አፈ ጉባኤ ተነሥቶ፣ «ዛሬ ፍየሉ አይቆረጥም። ሌላ ቀን እንመጣለን» አለ። ጋብቻ የሚጸናው ፍየሉ ሲቆረጥ ነው፤ ሥጋ ሳይቆረጥ ሌላ ቀን እንመጣለን ያለ አማች ተመልሶ የመጣበትን ቤት እኔ አላውቅም። ስደርስ መኪኖቻቸው ዳገቱን እየወጡ ነበር።

ክዳኑን ከፍቼ ሽቦዬን አስገባሁ። ሁለተኛው እጥፋት ላይ ያዘ። ስጎትተው ክንድ የሚያህል ወጣ፤ እንደ ገመድ ተገምዶ፣ አበባው ሳይጠፋ። አምጥቼ በረንዳው ላይ ጣልኩት፤ በተሰደብኩ ቀን የቆምኩበት ቦታ ላይ።

መምህር አየው። ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞረ። ዘመድ ሁሉ ቆሟል፤ ዋንጌቺ ኩሽና ውስጥ ታለቅሳለች።

«ሞክሬዋለሁ ብለሽኛል» አላት። «አርባ ዓመት እውር ተሸክሜ ኖርኩ። የራስሽን ጣት የማታይ ሴት ምን ቤት ነሽና ነው ሶፍት የምትሞክሪው? ልጅሽን የቀበርሻት አንቺ ነሽ። ዛሬውኑ ወደ እህትሽ ቤት ሂጂልኝ።»

እማማ ሙምቢ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል። ገባች፣ ብልቃጧን ይዛ ወጣች። የሐሙሱን ውሃ አልደፋችውም ነበር። ሦስቱ ቅዳጆች ውስጡ ይዋኛሉ፤ ከእሷ በቀር ሁሉም ያያቸዋል።

«ሙቺሪ ያውቃል» አለች። እኔ ያለሁ ወደ መሰላት ዞረች፤ ግን ከበረንዳው ዓምድ ጋር ነበር የምታወራው። «ሙቺሪ ልጄ፣ ንገራቸው። አንተ አይደለህም ያየኸው? ሟሟ አላልከኝም?»

መምህር አየኝ። ከዘራውን ወደ ግራ አዛውሮ ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ፣ በሰው ሁሉ ፊት።

«ንገረን እስኪ፣ ወንድሜ» አለ።

እጁን አየሁት። ብልቃጡንም አየሁት። ሽቦዬን ጠቅልዬ ትከሻዬ ላይ አደረግኩና በአቮካዶው ሥር አልፌ ወደ በሩ ሄድኩ። ከኋላዬ፣ «ሙቺሪ? አለህ ልጄ?» ትላለች።