ማር ጉሮሮ የወሰዳት ቃል

ተርጓሚው «እኔ ቀናተኛ ሰው አይደለሁም» ይል ነበር። ይህን የሚለው ማንም ሳይጠይቀው ስለሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ነገሩ ገባው።

ሥራው የውጭ ተከታታይ ፊልም ከእንግሊዝኛ ወደ እኛ ቋንቋ መመለስ ነው። እሱ ይጽፋል፤ ሌሎቹ ስቱዲዮ ገብተው፣ በተዋንያኑ አፍ ልክ እያስገቡ ያነቡታል። በፊልሟ ውስጥ ላለችው ቆንጆ ድምፅ የምትሆናት የገዛ ሚስቱ ናት። እስከዚህ ደህና ነበር። ጣጣው የመጣው ለአፍቃሪው ድምፅ ማር ጉሮሮ የሚሉት ሰውዬ የተቀጠረ ዕለት ነው።

ማር ጉሮሮ ለዓይን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አጭር፣ ራሰ በራ፣ ካልሲው ሁልጊዜ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የተንከባለለ። አፉን ሲከፍት ግን ግድግዳ ያባብላል። «ውሃ ጠፋ እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ እንኳ ፍቅሩን የሚገልጽ ይመስላል።

ሚስትየው ደግሞ ሳቂታ ናት። ድሮ የምትስቀው በባሏ ቀልድ ነበር። አሁን ባሏ ሲቀልድ «እህ» ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ በማር ጉሮሮ ቀልድ ግን ወገቧን ይዛ ትንፈራፈራለች። ተርጓሚው ይህን ሁሉ የሚያየው ከስቱዲዮው መስተዋት ወዲህ ተቀምጦ ነው። ድምፅ አያልፍም፣ ጥርሷ ብቻ ይታየዋል። የማይሰማ ሳቅ ደግሞ ከሚሰማው ይልቅ ቆሽት ያሳርራል፤ በምን እንደሳቀች አይታወቅማ!

ምን ያድርግ? ጡንቻ የለው፣ ያለው ብዕር ነው። በብዕሩ ተነሳ። አፍቃሪው «ያላንቺ አንዲት ቀን አላድርም» ሲል፣ ተርጓሚው «ቶሎ ነይ» ብሎ መለሰው። «ዓይንሽን ሳይ መንገድ ይጠፋኛል» ያለውን ደግሞ «መንገዱ ወዴት ነው?» አደረገው። ማር ጉሮሮ የተሰጠውን በየዋህነት ያነባል።

አንድ ምሽት ዋናው ክፍል ደረሰው። አፍቃሪው ዝናብ ላይ ቆሞ ለቆንጆዋ ልቡን የሚዘረግፍበት ነው። በንግግሩ መሀል «ዲስትሮይ» የምትል የእንግሊዝኛ ቃል አለች፤ ይህን አድርገሽኛል ይላታል። ተርጓሚው ቃሏን ከዚህም ከዚያም ያውቃታል። በዚያው ፊልም ድልድይ ሲመታም እሷው ናት፣ የሰው ስም ሲጠፋም እሷው፣ ልብ ሲሸነፍም እሷው። በእኛ ግን ቤት ይፈርሳል፣ ከተማ ይወድማል፣ ጦር ይደመሰሳል፣ ክምር ይናዳል፣ ስም ይጎድፋል፤ ለሁሉም እንደ መልኩ ነው።

ለልብ የሚሆነውንም ያውቀዋል። ሚስቱን ያገኘ ሰሞን፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ፣ በአንድ ጃንጥላ ተጠልለው «አንቺ ልጅ፣ ጨረስሽኝ እኮ!» ያላት ራሱ ነው። እሷም «ገና ምኑን አይተህ!» ብላው ነበር። ትዳሩ የተጀመረው ከዚያች ቃል ነው።

«ይህችን ለማር ጉሮሮ? ሞቼ እገኛለሁ» አለና «አወደምሽኝ» ብሎ ጻፈ። ሌላውን ንግግር ሁሉ ሰረዘው።

ሚስቱ በትከሻው ላይ አጎንብሳ አየችው። «ምንድን ነው ይሄ? ቦምብ ነኝ እንዴ?»

«መዝገበ ቃላቱ ነው ያለው።»

«መዝገበ ቃላቱ ሚስት የለውማ! አንተ ምን ነካህ?» ብላ ገብታ ተኛች።

በማግስቱ ስቱዲዮ ውስጥ ፊልሙ ተለቀቀ። ዝናቡ ይወርዳል፣ አፍቃሪው ያወራል። ማር ጉሮሮ «አወደምሽኝ» አለና ዝም። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰውዬ ግን አልዘጋም፤ ከውሃ እንደወጣ ዓሣ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ይከፍታል።

«ሰውየው ገና እያወራ ነው እኮ!» አለ ዳይሬክተሩ።

«ጋሼ፣ እኔ የተጻፈልኝን ጨርሻለሁ» አለ ማር ጉሮሮ።

«ተርጓሚው! ግባ እዚህ! አጠገቡ ቁምና አፉ እስኪዘጋ ቃል አቀብለው!» አለ ዳይሬክተሩ በሩን ከፍቶ።

ገባ። ሚስቱ ማዳመጫዋን ጭና ከፊት ለፊት ቆማለች። ማር ጉሮሮ ጠጋ አለለት። «ና ወንድምዓለም፣ ያላንተ እኔ ባዶ ጉሮሮ ነኝ።»

ይህን ሲሰማ ተርጓሚው ይበልጥ ተናደደ። የሚጠሉት ሰው ደግ ሲሆን ያስቸግራል።

«ደመሰስሽኝ» አለ ተርጓሚው።

«ጦር ሜዳ ነው?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ናድሽኝ።»

«ኧረ በሕግ አምላክ! የድንጋይ ክምር ነው?»

ሚስትየው ማዳመጫዋን አወለቀች። «እኔን እንደዚህ ነበር ያልከኝ?» አለችው ቀስ ብላ።

ለካ አልረሳችም። ተርጓሚው ስክሪኑን ትቶ እሷን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ ማር የለበትም፣ ትንሽ ጉንፋን ነበረበት። «አንቺ ልጅ» አለ፣ «አንቺ ልጅ፣ እኔን እኮ ጨረስሽኝ!»

«ገና ምኑን አይተህ!» አለች፣ በማር ጉሮሮ ራሰ በራ ላይ አሻግራ ባሏን እያየች።

የፊልሟ ቆንጆ በወረቀቱ ላይ የምትለው «ዝናቡ በረታ፣ እንሂድ» ነበር። ማንም አላስታወሰውም።

«ይቺን ነው የምፈልገው!» ብሎ ጮኸ ዳይሬክተሩ። «በአፉም ልክ ገባች! በል ማር ጉሮሮ፣ አንተ በላትና እንቅዳት።»

ተርጓሚው ክው አለ። ይህን አላሰበውም። ማር ጉሮሮ ተጠግቶ «አንቺ ልጅ…» ሲል፣ ከመስተዋቱ ወዲያ በማዳመጫ የምትሰማው የስቱዲዮው ጸሐፊ ሳትቀር እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

የዚያን ቀን ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ቤት ሄዱ። በመንገድ ላይ ቀለደላት፤ ሳቀች፣ ያውም የሚሰማ ሳቅ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር።

ክፍሉ በቴሌቪዥን የታየ ዕለት ግን፣ ከየመስኮቱ «ጨረስሽኝ እኮ!» የሚል የማር ድምፅ ተሰማ። በማግስቱ ፀጉር ቤቱም፣ ዳቦ ቤቱም ወሬው ማር ጉሮሮ ሆነ። የታችኛዋ ጎረቤት ደረጃ ላይ አስቁማው «እንዴት ያለ አፍ ነው እግዜር የሰጠው በናትህ! እንደሱ የሚል ባል ቢገኝ!» አለችው።

ቅጥል ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ልብስ እያጠፈች ነበር። ቃሉን ሊያስመልስ ፈልጎ፣ ጠጋ ብሎ፣ ከልቡ፣ «አንቺ ልጅ፣ ጨረስሽኝ እኮ!» አላት።

ቀና ብላ አየችውና በሳቅ ፈረሰች። «ውይ! ቁርጥ ማር ጉሮሮን!»

የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ጣለ ማለት እሱ ነው። እነሆ እስከ ዛሬ ሌላ ቃል እየፈለገላት ነው። ማታ ማታ በረንዳ ላይ ብቻውን ሲያጉተመትም እንሰማዋለን። ብዕር ግን አይዝም፤ ቢያገኘውም አይጽፈውም።