ለመንገድ ዳር ያደላች እጅ

ሴትየዋ ባሏ ካረፈ ወዲህ ማሳውን ብቻዋን ይዛ ነበር። ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን በመጣ ቁጥር ያቺኑ ወሬ ያነሳል።

«እትዬ፣ ደከሙ እኮ። ማሳውን ለእኔ ይልቀቁልኝና እህሉን ከደጅዎ ላድርስልዎ።»

«ተቀምጬ የምበላበት ጊዜ ሲመጣ እነግርሃለሁ» ትለዋለች።

ዘንድሮ ግን ዝናቡ መሐል ላይ ቀረና ስንዴው ገና ጉልበት ሳይደርስ ፊቱ ገረጣ። ዋርሳዋም እንደ ልማዱ አነሳባት።

«እሺ፣ ዛላ ሲያወጣ መጥተህ እየው። የማይረባ ከሆነ ማሳውን እለቅልሃለሁ» አለችው። ከአፏ ከወጣ በኋላ ቃሉ እንቅልፍ ነሳት።

ሴት ልጇ ባሕር ጠረፍ ላይ፣ ከባሕር አረም ፈሳሽ ማዳበሪያ በሚያወጡበት ቤት ትሠራለች። ይህን ስትሰማ አንድ ጀሪካን ይዛ ከች አለች። ክዳኑ ሲከፈት ቤቱ ዓሣ ዓሣ ሸተተ።

«ዕድሜዬን አረም ስነቅል ኖሬ አሁን ደግሞ አረም ልርጭበት?» አለች እናት።

«እማ፣ ይኼኛው የተገራ ነው» ብላ ሳቀች ልጅቷ። «ፍግሽን አይተካም፣ ድርቁን እንዲችል ያግዘዋል እንጂ። በጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ ቅጠሉን አርሺው። ለአንድ ሙሉ መርጫ ውሃ አንድ ስኒ ብቻ። እጅሽን ሰብሰብ አድርጊ፤ እንግዳ እንደምታስተናግጂው አይደለም።»

ልጅቷ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ሴትየዋ መርጫውን አዝላ ከመንገዱ ዳር ጀመረች። ወደ ገበያ የሚያልፈው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ሰብል የሚመለከተው በዚያ ነው። እሷም ድሮውንም ለመንገዱ ዳር ታደላለች፤ ፍጉ የሚበዛው፣ አረሙ ቀድሞ የሚነቀለው እዚያ ነው። እናም ስኒውን ተወችና ከጀሪካኑ እንዲሁ ወደ መርጫው ገለበጠች። ሰው የሚያየው አይጉደልበት አለች። ወደ መሐል ስትገባ ግን ጀሪካኑ ቀለላት። ደነገጠችና የቀረውን በስኒ እየሰፈረች ጨረሰች።

ብዙም ሳይቆይ የመንገዱ ዳር ስንዴ ጫፍ ጫፉ ተለበለበ። «ምን ደፍታበት ነው?» ይላል አላፊ አግዳሚው። ሴትየዋ አፍራ በመንገዱ በኩል መሄድ ተወች፤ በጓሮ ዞራ ነው ማሳዋ የምትገባው። በዚህ መካከል ትንሽ ካፊያ ጣለ።

ዛላ በወጣበት ሰሞን ዋርሳዋ መጣ። የተለበለበውን ዳር አየና ለቅሶ ቤት የገባ ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ እትዬ።»

«ሱሪህን ሰብስብና ተከተለኝ።»

እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ገቡ። ማጽናኛውን ገና ሳይጨርስ እግሩን ገታ። የመሐሉ ስንዴ ወገቡን አልፎ፣ ቅጠሉ ሰፋ ብሎ፣ ዛላው ጎንበስ ጎንበስ ይላል። አንዱን ዛላ በጣቶቹ ዳበሰው፤ ሌላም ጨመረ።

«ይኼ ካፊያው ነው» አለ።

«ካፊያውም አለበት። ያንተም ማሳ ላይ ጥሏል።»

የእሱ ስንዴ ከካፊያውም በኋላ ቀና አለማለቱን ሁለቱም ያውቃሉ። እሷም ነገሩን አላከረረችው።

«ታዲያ ዳሩን ምን አገኘው?»

«ጉራ» አለችው። «ሰው ይይልኝ ብዬ አበዛሁበት። ልጅቷ ነግራኝ ነበር፤ የሚሰማ ጆሮ ጠፋ እንጂ።»

ሳቁ አመለጠው። «አንቱም ጉራ ያውቃሉ?»

«ወንድምህን አግብቼ እንዴት ይቅርብኝ?»

አብረው ሳቁ። ከዚያ እሱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ የማሳውን ነገር አላነሳም።»

«ሲደክመኝ ራሴ አነሳዋለሁ። ለአጨዳው ግን አትቅርብኝ፤ ወገቤ እንደ ድሮው አይደለም።»

«እመጣለሁ።»

ወደ መንገዱ ሲመለሱ ዋርሳዋ ወደ ኋላ ቀረት አለ። ዘወር ብላ ስታየው እግሩን ከፍ ከፍ እያደረገ፣ የረገጠውን እየመረጠ፣ ዛላውን በሁለት እጁ ገለል እያደረገ ይመጣል።