ለሰባተኛ መ ማን ይግባ?

«የልጆቹ ውጤት አማካይ ወርዷል!» ርዕሰ መምህሩ የመምህራን ስብሰባ ላይ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። «ዓምናም ወርዷል፣ ዘንድሮም ወርዷል። ትምህርት ቢሮ ፊት ስቆም ምን ልበል? ልጆቹ እንቅልፍ ይወዳሉ ልበል?»

«እሱም እውነት ነው» ብሎ አንዱ ከኋላ አጉረመረመ፤ ሳቅ ተነሣ። ሰውየው አማካይ የምትለዋን ቃል ሳያነሣ ስለማይውል መምህራኑ በሌለበት «ጋሽ አማካይ» ይሉታል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጭንቀቱ ግን እንደ ጉንፋን ይጋባል።

ከዚያማ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነ። የቋንቋው መምህር ጥፋቱን ስልክ ላይ ጣለው። የታሪኳ መምህርት ወላጆችን ከሰሰች። ሌላው ደግሞ «ከታች ሳይበስሉ ነው የሚልኩልን» አለ። የሳይንሱ መምህር፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ፣ መነጽራቸውን በከረባታቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።

ምክትሏ ከርዕሰ መምህሩ ጎን ተቀምጣ እስክሪብቶዋን ታሽከረክራለች። ሹመቱ ሳይመጣ እዚሁ ትምህርት ቤት ሒሳብ ስታስተምር ነው ፀጉሯ የሸበተው። ልጆቹ «እትዬ ክፍልፋይ» ይሏት ነበር፤ ክፍልፋይ ሳይገባው ከእጇ የወጣ ልጅ የለም ይባል ስለነበር።

«ስለዚህ» አለ ርዕሰ መምህሩ፣ «ከሚቀጥለው መንፈቅ ጀምሮ ሰባተኛን በውጤት እንደለድላለን። ጎበዞቹ ሀ ክፍል፣ ቀጥሎ ለ፣ ቀጥሎ ሐ፣ የቀሩት መ። ለሀ ምርጥ ምርጡን መምህር እንሰጣለን። ሀ ሲወጣ አማካዩንም ጎትቶ ያወጣዋል።»

«ለመስ?» አለች ምክትሏ።

«ለመም አምላክ አለው» አለና ወረቀቶቹን ሰበሰበ።

ርዕሰ መምህሩ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዕቅዱን አሳምረሽ ጻፊልኝ፤ ቢሮ አብረን እናቀርበዋለን» አላት። «የሱፐርቫይዘር ቦታ ሊከፈት ነው አሉ። ስምሽን ማንሣቴ አይቀርም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። ምስጋናዋ ከአንገት በላይ እንደነበር ያወቀችው ቢሮዋ ገብታ በሩን ስትዘጋ ነው።

ቢሮው ምንጣፍ አለው፣ መጋረጃ አለው፣ ቁልፉ የእሷ ብቻ ነው። ማንም አስገድዶ አላስገባትም፤ ፈልጋ ነው የገባችው። ግን ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር ሆነባት። ግድግዳው ስስ ነው። ከወዲያ ሰባተኛ ሐ ይማራል፤ ወጣቱ የሒሳብ መምህር ይጮኻል።

«የታችኛው ቁጥር ሲበልጥ ክፍልፋዩ ያንሳል። ጻፉ!»

ልጆቹ ይጽፋሉ። እሷ «ዕቅድ» ብላ ጽፋ ከሥሩ አሰመረችና እጇ ቆመ።

«ለምን እንደሚያንስ ንገራቸው እንጂ» አለች ለግድግዳው።

የናፈቃት ትልቅ ነገር አልነበረም። አንድ ልጅ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ቋጥሮ፣ ድንገት ሲፈታው ከአፉ የምታመልጠው «አሃ!» ናት። ያቺን «አሃ» ከሰማች ቆየች። ቢሮ ውስጥ ማንም «አሃ» አይልም፤ «ፈርሚልኝ» ነው የሚለው። አንዳንድ ቀን ወረቀቱን ትታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ በሰው ክፍል ውስጥ በሐሳቧ ታስተምራለች። ደወል ሲደወል ትባንናለች። የሞተ ሰው እንኳ እንዲህ አይናፍቅም፤ የሞተው ቢያንስ ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ አይጮኽም።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ወጣቱ መምህር ነው፤ ጠመኔውን እንደያዘ ሮጦ መጥቷል።

«እትዬ፣ ባለቤቴን ምጥ ይዟታል። ሆስፒታል ወሰድናት ብለው ደወሉልኝ። ክፍለ ጊዜው ግን ገና…»

«ታዲያ ምን ትገተራለህ? ሂድ!» ጠመኔውን ከእጁ ነጥቃ ወሰደች።

ሰባተኛ ሐ ስትገባ ልጆቹ ተነሡ። ምክትሏ ክፍል የምትገባው ለቅጣት ነው፤ ስለዚህ ሁሉም አንገቱን ደፋ።

«ተቀመጡ። ከሲሶና ከሩብ የቱ ይበልጣል?»

«ሩብ!» አሉ ግማሾቹ። «አራት ይበልጣላ!»

የተቀሩት ደብተራቸውን አገላብጠው «የታችኛው ቁጥር ሲበልጥ…» እያሉ እንደ ጸሎት ደገሙ። ከኋላ፣ ከክፍል ጓደኞቿ በቁመት የምትበልጥ አንዲት ልጅ የኋላውን ግድግዳ ተደግፋ ዴስክ ዳር ተቀምጣለች። ክፍሉን እየደገመች ነው። እንደዚህ ያለችውን ልጅ ምክትሏ ሳታያት አታልፍም ነበር፤ ቢሮ ከገባች ወዲህ ግን ልጅ የምታየው በስም ዝርዝር ነው።

«እዚያ የኋላው ዴስክ ላይ ሦስት ናችሁ?»

«አዎ፣ ቲቸር።»

«ይበቃችኋል?»

«ደኅና ነው።»

«አንተ ተነሥና አራተኛ ሁንላቸው።»

ከፊት ዴስክ የተነሣው ልጅ በሳቅ ሄዶ ተጠጋ። ተገፋፉ። ዳር ያለችው ረጅሟ ልጅ ግማሽ ጎኗ ከወንበሩ ወጣ፤ እንዳትወድቅ የዴስኩን ጠርዝ ጨበጠች።

«ምን ሆንሽ?»

ልጅቷ ቀና አላለችም። «ጠበበኝ።»

«ለምን? ዴስኩ ያው ዴስክ ነው። አልተቆረጠም።»

«ብዙ ስለሆንን። ለአራት ሲሆን የኔ ድርሻ…» ቆመች። ግንባሯ ተቋጠረ። ምክትሏ መልሱን አልነገረቻትም። ዝም ማለት ከማስተማር ሁሉ ከባዱ ነው፤ ምላስን በጥርስ ይዞ መጠበቅ ነው። «ያንሳላ! ሩብ ነዋ! ሦስት ሆነን ሲሶ ሲሶ ስንካፈል ነበር የሚሻለው!»

ክፍሉ ፈነዳ። እያንዳንዱ ዴስክ አራተኛ ሰው ይጎትት፣ አምስተኛ ይጨምር ጀመር፤ አንዱ መሬት ላይ ወድቆ «እኔ ምንም አልደረሰኝም፣ ዜሮ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ምክትሏ እስኪያምማት ሳቀች።

ደወሉ ሲደወል ረጅሟ ልጅ ወደኋላ ቀረች።

«ቲቸር፣ ልጆቹ ሊከፋፍሉን ነው ይላሉ። መ የሚገቡት ደነዞቹ ናቸው አሉ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ሁሉም።» ቦርሳዋን አነገተች። «እኔ መ ነኝ አይደል?»

ምክትሏ ዘወር ብላ ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመረች። ልጅቷ መልሱን እንደሰማች ያህል አንገቷን ነቅንቃ ሄደች። አንጀቷን በላቻት።

ማታ ለምክትሏ እናቷ ሾርባ አቀረቡላት። «ሱፐርቫይዘር ማለት በመኪና የሚዞረው ነው?» አሉ፤ ወሬው ቀድሟት ቤት ገብቷል።

«አዎ፣ እማዬ።»

«ተመስገን! ጉልበትሽም ያርፋል። ለጎረቤት ልንገር?»

«ቆይ፣ ገና ነው።»

«እጅጌሽን ምን ነካው? ዱቄት ነው?»

«ጠመኔ ነው። ክፍል ገብቼ ነበር።» ከዚያ መናገር ጀመረች፤ ስለ ዴስኩ፣ ስለ ዜሮው ልጅ፣ ረጅሟ ልጅ ግንባሯን እንዴት እንደፈታችው። እጇን እያወናጨፈች፣ የልጆቹን ድምፅ እያስመሰለች አወራች። እናቷ ማንኪያቸውን አስቀምጠው አዩዋት።

«ስለ ሥራሽ በጠየቅሁሽ ቁጥር ‹ደኅና ነው› ትይኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ዛሬ ሾርባው እስኪቀዘቅዝ አወራሽ።»

«ብመለስ ቅር ይልሻል?»

አሮጊቷ የቀዘቀዘውን ሳህን ወደ ራሳቸው ሳቡ። በልጃቸው ሹመት ቀና ብለው መሄድ ከጀመሩ ብዙም አልቆዩም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ» አሉና ተነፈሱ። «አንቺ ግን ድሮም መብላቱ ላይ የለሽበትም። ይልቅ ሾርባሽን ላሙቀው።»

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ዕቅዱን ቆሞ አነበበው። ገና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፊቱ ተኮሳተረ።

«ይሄ ምንድን ነው? አትደልድሉ ነው የምትዪው?»

«እንደምኞቴማ አትደልድሉ ነው። አይሆንም ካሉ ግን ምርጡ መምህር ለመ ይሰጥ። ጎበዙ ልጅ ግድግዳም ቢያስተምረው ያልፋል።»

«ማን እሺ ይላል? ለመ ማን ይግባ? ተይው እስቲ፣ ወጣቱን እናስገባው።»

«ልጅ ወልዷል፣ እንቅልፍ የለውም። እኔ እገባለሁ።»

ሳቀ። አለመሳቋን ሲያይ ተወው። «ምክትል ሆነሽ ሙሉ ክፍል መያዝ አትችዪም። ደንቡን ታውቂዋለሽ። ሱፐርቫይዘሩም ይቀራል።»

«አውቃለሁ።»

«አማካዩ በአንድ ሰው አይነሣም፣ እህቴ።»

«ላይነሣ ይችላል» አለች። እውነቷን ነበር፤ ማታ ስታሰላው አድራ ብዙም እንደማይነሣ ደርሳበታለች።

ርዕሰ መምህሩ በመስኮቱ ወደ ክፍሎቹ ተመለከተ። እሱም አንድ ጊዜ ጂኦግራፊ ያስተምር እንደነበር ትዝ ያለው ይመስላል። «ዛሬን አስቢበት» አላት ለስለስ ብሎ። «ነገ ንገሪኝ።»

የቢሮዋን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለትና ወጣች። የመምህራኑ ክፍል በር ላይ ስትደርስ አመነታች፤ ከሹመቱ በኋላ እዚህ የገባችው ለስብሰባ ብቻ ነው። የሳይንሱ መምህር ጋሼ ፈተና እያረሙ ነበር። አጠገባቸው ያለው ቦታ በወረቀት ተሸፍኗል።

«ጋሼ፣ እዚህ ሰው አለ?»

በመነጽራቸው አናት አዩዋት። «ነበረ፤ ጡረታ ወጣ» አሉና ክምሩን ወደ ራሳቸው ሳቡላት።

ቦርሳዋን አስቀምጣ ተቀመጠች።